ወባ የመሰለኝ የኩላሊት ኢንፌክሽን

ጣና ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስሠራ፣ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ብርድ ብርድ እያለው የሚመጣውን ሰው ሁሉ ወባ ነው ብሎ ማሰብ ይቀናን ነበር። በዚያ ሰሞን አንዲት የ60 ዓመት እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ትኩሳታቸው 39.4 ነበር፣ አስመልሷቸዋል፣ የወባ ምርመራው ግን ምንም አላሳየም። ፓራሲታሞል ሰጥቼ «ነገ ይመለሱ እማማ» ብዬ ሸኘኋቸው፤ ጀርባቸውን እንኳ አልነካሁም፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።

በማግስቱ ሲመለሱ አስቀምጫቸው፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ሥር ከአከርካሪው አጠገብ፣ ኩላሊት ባለበት፣ መዳፌን አኑሬ በሌላው እጄ ጡጫ ቀስ ብዬ መታሁ። በቀኝ በኩል ዝም አሉ፤ በግራ በኩል ግን ጮኸው እጄን ያዙት። «ሽንት ያቃጥልዎታል?» ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሳምንት አልፏታል፣ ለወንድ መናገር አፍራ ነው» ያለችኝ ልጃቸው ናት።

ብዙውን ጊዜ ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ፊኛ ይገባና ከዚያ ወደ ኩላሊት ይወጣል። የእርሳቸው ግን ከዚያም አልፎ መላ ሰውነታቸውን ይዞ ነበር፤ የደም ግፊታቸው ወደ 85/50 ወርዶ፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ 28 ደርሶ ንግግራቸውም መዘባረቅ ጀምሯል። በዚህ ደረጃ የሚዋጥ መድኃኒት አይበቃም። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ባክቴሪያውን ከሽንት በላቦራቶሪ አሳድጎ መለየት ስለሚያስቸግር አስቀድሜ የሽንት ናሙና ወሰድሁ፤ ወዲያው አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) በፍጥነት ለቅቄ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ 1 ግራም በደም ሥር ሰጠሁ። ሌላው ፀረ-ባክቴሪያ ጄንታማይሲንም በእጄ ነበር፤ ነገር ግን ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከሌሊት ጀምሮ ሽንት በቅጡ ላልወጣቸው ሰው ለመስጠት አልደፈርሁም። ናሙናውን በበረዶ መያዣ አድርጌ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ላክኋቸው።

በአልትራሳውንድ የግራውን የሽንት ቱቦ ጠጠር ዘግቶት፣ ኩላሊቱም አብጦ ተገኘ፤ ማፍሰሻ ቱቦ ሲገባላቸው መግል ወጣ። መውጫ ያጣን መግል መድኃኒት ብቻውን አያደርቀውም፤ ስለዚህ ቀለል ብሎ የታየኝ ሕመምተኛ እንኳ መድኃኒት ጀምሮ በ72 ሰዓት ትኩሳቱ ካልለቀቀው፣ መድኃኒት ከመቀያየር ይልቅ አልትራሳውንድ እንዲታይ እልካለሁ። እንዲህ ያለ ምልክት ያላትን ነፍሰ ጡር፣ ያለጊዜው ምጥ ሊመጣባት ስለሚችል፣ በዕለቱ ወደ ሆስፒታል እልካታለሁ እንጂ አላሳድራትም።

ዛሬ ወባ ቢገኝም ባይገኝም፣ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ጀርባውን እመታለሁ፣ ትንፋሹን ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ስለ ሽንት የሚጠየቀውን ግን ሴቶቹን ከመጋረጃው በስተጀርባ የምትጠይቃቸው አዋላጅዋ ባልደረባዬ ናት።