ባዶ ጠርሙሶች

ዛሬ ወንዝ ዳር ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ቆሜ ሰማሁ። አንዱ ገበሬ፣ ሌላው የውሃ ናሙና ሰብሳቢ። ውሃው ላይ አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል፤ ይሸታል።

«ከእርሻችሁ የሚታጠበው ማዳበሪያ ነው» አለ ባለሙያው።

ገበሬው አልተቆጣም። «ድሮ አንዲት ልጅ ትመጣ ነበር። ዝናብ ሊጥል ሲል አትበትኑ፣ ወንዙ ዳር ሳር ተዉለት ትለን ነበር። የት አደረሳችኋት?»

ባለሙያው ዝም ብሎ የመኪናውን ኋላ ከፈተ። ሳጥን ሙሉ የናሙና ጠርሙስ። ታጥበዋል፣ ተከድነዋል፣ የተለጠፈባቸው ወረቀት ላይ ግን ቀን አልተጻፈም። «አራት ነበርን። ሦስቱ ተቀነሱ» አለ።

እነዚያ ጠርሙሶች ከዓይኔ አልጠፉም። አልጌው፣ ያ አረንጓዴ ነገር፣ እኮ ይታያል። ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ የሞተው ዓሣም ይታያል። ከማዳበሪያው ታጥቦ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ናይትሬት ግን ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ዋናው ስጋት ለጨቅላ ሕፃናት ነው። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ክምችቱ ይጨምራል። (እኔ ደግሞ ካፈላሁት አለቀ ብዬ ነው የኖርኩት!) መኖሩን ለማወቅ መለካት ግድ ነው።

በጀት ሲጠብ የሚለካውን ሰው መቀነስ ቀላል ይመስላል። ያልተለካ ውሃ ሪፖርት ላይ ንጹሕ ነዋ።

ክርክሩ ሳያልቅ ገበሬው ሁለት ጠርሙስ አንስቶ ቀድሞት ወደ ውሃው ወረደ።