ፈዝ ፔዳል ከኪት ስትገጣጥሙ መልቲሜትሩ ይቅደም

ፈዝ ፔዳል የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር፣ በእግር የሚጫን ሳጥን ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. አርቢተር የተባለው ኩባንያ ለንደን ላይ ካወጣው ፈዝ ፌስ ከተባለው ፔዳል የተቀዱ ኪቶች (ዕቃቸው ተሟልቶ የሚሸጥ፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥማቸው) ለጀማሪ የሚመከሩት ዕቃቸው ትንሽ ስለሆነ ነው። ዋናው ሰርኪት ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት ፖት (በእጅ የሚዞር መቆጣጠሪያ) ነው፤ ሌላው ጃክ፣ የእግር ስዊች፣ ኤልኢዲና ሽቦ ነው። የዕቃው ማነስ ግን ያዘናጋል። ሁለቱ ትራንዚስተሮች በቀጥታ የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ ቮልቴጅ የሌላውን ይወስናል፤ አንድ ዕቃ ያለቦታው ከገባ ሁሉም ይዛባል። ስለዚህ ከሶልደሪንግ አይረኑ (ከመበየጃው) እኩል የሚያስፈልገው መልቲሜትር፣ ማለትም ቮልቴጅና ኦም የሚለካው መሣሪያ ነው። ርካሹም ይበቃል።

እዚህ የምጽፈው ትራንዚስተሮቹ ከሲሊከን ስለተሠሩና ኤንፒኤን (ግራውንዱ ኔጌቲቭ የሆነ ዓይነት) ስለሆኑበት ኪት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ የጀርማኒየሙን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ጀርማኒየም ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ባያሱ (ትራንዚስተሩ የሚሠራበት መነሻ ቮልቴጅ) ይንሸራተታል፣ ትራንዚስተሩም አንድ በአንድ ተለክቶ መመረጥ አለበት። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ የጀርማኒየም ኪቶች ፒኤንፒ ናቸው፤ ግራውንዳቸው (የሰርኪቱ የጋራ ዜሮ ነጥብ) ፖዘቲቭ ስለሆነ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ ፓወር ሰፕላይ ከተሰኩ ሾርት ይፈጥራሉ።

ኪቱን እንደከፈታችሁ ሬዚስተሮቹን በሙሉ ለኩና ዋጋቸውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በየአጠገባቸው አስቀምጡ። የሚጠበቁት 33 ኪሎ ኦም፣ 8.2 ኪሎ ኦም፣ 100 ኪሎ ኦም፣ እና እንደ ኪቱ 330 ወይም 470 ኦም ናቸው። ከሁሉም የሚያሳስቱት 33 ኪሎ ኦምና 330 ኦም ናቸው። ባለ አራት ቀለበት ከሆኑ የመጀመሪያው ሦስቴ ብርቱካናማ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሁለቴ ብርቱካናማና ቡናማ። ባለ አምስት ቀለበት ሲሆኑ ልዩነታቸው አራተኛዋ ቀለበት ላይ ብቻ ነው፤ በ33 ኪሎ ኦሙ ላይ ቀይ፣ በ330ው ላይ ጥቁር ናት። ቀይና ብርቱካናማ በደካማ መብራት አይለዩም፤ ሰማያዊ አካል ላይ ሲሆኑማ ጭራሽ። ዓይን ይሳሳታል፣ መልቲሜትር ግን አንዱን ከሌላው መቶ እጥፍ አድርጎ ያሳያል። ልኬቱ ከብየዳ በፊት መሆን አለበት፤ ቦርዱ ላይ ከገባ በኋላ ሌሎች ዕቃዎች በጎን ስለሚያስተላልፉ ቁጥሩ አይታመንም።

ካፓሲተሮቹ ላይ 103 የሚል ጽሑፍ ያለበት 10 ናኖፋራድ ነው፤ የመውጫው እሱ ነው፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢገባ ችግር የለም። 2.2 እና 22 ማይክሮፋራዶቹ ኤሌክትሮሊቲክ ስለሆኑ አቅጣጫ አላቸው። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው፣ ነጣ ያለው መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ። የመግቢያው 2.2 ማይክሮፋራድ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ ፖዘቲቩ ወደ ጊታሩ የሚዞር ይመስለዋል። በኤንፒኤን ፈዝ ግን ፖዘቲቩ ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ (ከሦስቱ እግሮቹ ምልክቱ የሚገባበት) ነው፣ ምክንያቱም ቤዙ ላይ 0.6 ቮልት ገደማ አለ፣ ጊታሩ በኩል ደግሞ ዜሮ ነው።

ትራንዚስተሩን ስትሰኩ የኪቱን ሥዕል ብቻ አትመኑ። ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ እናንተ ዞሮ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ቱኤን3904 ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው፤ ቢሲ547 ግን ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር። ሁለቱ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ኪት ሻጭም አንዱን በሌላው ተክቶ ሊልክ ይችላል። በክቧ የብረት ቆብ የሚመጣው ቢሲ108 ከሆነ፣ ከጠርዙ ወጣ ያለችው ምላስ ያለችበት እግር ኤሚተር ነው። ኪቱ ውስጥ የትራንዚስተር መሰኪያ ሶኬት ካለ ሶኬቱን ብየዱ፣ ትራንዚስተሩን መጨረሻ ላይ ሰኩት። ከሙቀት ይድናል፣ ድምፅ ለማወዳደር መቀያየርም ትችላላችሁ።

ለብየዳው አይረኑን ወደ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሱት። ሶልደሩ 60 በ40 (ቆርቆሮና እርሳስ)፣ ውስጡ ሮዚን (ብየዳው እንዲይዝ የሚረዳ ሙጫ) ያለው፣ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቢሆን ይመረጣል። ለቧንቧ የሚሸጠው አሲድ ያለበት ፍላክስ መዳቡን ስለሚበላ ቦርድ ላይ አይነካም። የአይረኑ ጫፍ የቦርዱን ቀለበትና የዕቃውን እግር እኩል ይንካ፤ አንድ ሁለት ሴኮንድ ቆይታችሁ ሶልደሩን ወደ መጋጠሚያው አቅርቡት፣ ወደ አይረኑ ጫፍ አይደለም። ጥሩ ብየዳ እንደ ድንኳን ከእግሩ ወደ ቦርዱ ተዳፍቶ ይወርዳል። ክብ ሆኖ የተንጠለጠለው ቦርዱን አልያዘም። መጀመሪያ አጫጭሮቹን ሬዚስተሮች፣ ከዚያ ሶኬቱን፣ ከዚያ ካፓሲተሮቹን፣ ሽቦውን በመጨረሻ።

የእግር ስዊቹ ዘጠኝ እግር አለው። ሙቀት ሲበዛበት ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይለሰልስና መጋጠሚያዎቹ ይዛነፋሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዴ ይሠራል አንዴ ያቆማል። አንዱን እግር ብየዱ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ወደ ራቅ ያለው እግር ሂዱ። የስዊቹን አቅጣጫም ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ በ90 ዲግሪ ከዞረ የተገናኘው ሁሉ የተሳሳተ ነው። መልቲሜትሩን ኮንቲኒዊቲ (ሁለት ነጥብ ሲገናኝ የሚጮኽበት) ላይ አድርጋችሁ ስትለኩ እያንዳንዱ የመሃል እግር አንዴ ከአንድ ጎረቤቱ፣ ስትጫኑት ከሌላኛው ጎረቤቱ ጋር ይጮኻል።

አሁን ሳጥን ውስጥ ለመክተት አትቸኩሉ። 9 ቮልት አገናኙና የመልቲሜትሩን ጥቁር ሽቦ ግራውንድ ላይ፣ ቀዩን ትራንዚስተሮቹ ላይ አድርጉ። የመጀመሪያው ቤዝ 0.6 ቮልት አካባቢ፣ ኮሌክተሩ ከ1.2 እስከ 1.5፣ የሁለተኛው ኮሌክተር ደግሞ 4.5 ገደማ ቢሆን ፈዙ ጤነኛ ነው። 4.5 የተመረጠው የ9 ቮልት ግማሽ ስለሆነ ነው፤ ሞገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚሄድበት ቦታ ያገኛል። ከዚያ በጣም ከወረደ ድምፁ ይታፈናል፣ ኖታው ሲደክም እየተቆራረጠ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ከሁለተኛው ኮሌክተር ጋር የሚገናኘው 8.2 ኪሎ ኦም ለጀርማኒየም ይስማማ ነበር። ሲሊከን ግን ከቤዝ እስከ ኤሚተር 0.6 ቮልት ስለሚፈልግ በሁለተኛው ትራንዚስተር የሚያልፈው ከረንት ይጨምራል፣ ኮሌክተሩም ብዙ ጊዜ ወደ 3 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። መፍትሔው 8.2ቱን በ10 ኪሎ ኦም ትሪመር (ቦርዱ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፖት) መተካት ነው። በትንሽ ስክሩድራይቨር እያዞራችሁ ኮሌክተሩን 4.5 ላይ አቁሙት፤ ትሪመሩ በአብዛኛው 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ያርፋል። ኪቱ ትሪመር ከሌለው ለብቻው ገዝታችሁ ብትጨምሩ አትቆጩም። ከዚያ በጆሮ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ማለት ይቻላል፣ 4.5 መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ቁጥሩ ከዚህ በጣም ከራቀ ራሱ ይናገራል። ሁለተኛው ኮሌክተር 9 ቮልት ካሳየ ትራንዚስተሩ አያስተላልፍም ማለት ነው፤ እግሩ ተገልብጧል ወይም የፈዝ ፖቱ ከግራውንድ ጋር አልተገናኘም። ወደ 1 ቮልት ከወረደና የመጀመሪያው ኮሌክተር ከፍ ካለ ጥፋቱ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ጋ ነው። ቮልቴጁ ሁሉ ልክ ሆኖ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። የድሮ የጊታር ኬብል ቆርጣችሁ የመሃል ሽቦው ጫፍ ላይ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ብየዱ፣ የኬብሉን የውጭ የሽቦ መረብ ከግራውንድ አገናኙ፣ ሌላውን ጫፍ አምፕሊፋየር ላይ ሰኩት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ። ጊታሩ እየተመታ ከመግቢያው ጀምሮ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ንኩ። ድምፁ ከጠፋበት ነጥብ በፊት ያለው ብየዳ ወይም ዕቃ ተጠያቂው ነው።

ቮሊዩሙ ወደ ግራ ሲዞር የሚጨምር ከሆነ የፖቱ አንደኛና ሦስተኛ እግር ተቀያይረዋል። ፖቶቹን ራሳቸውንም አታምታቱ፦ ቢ1ኬ ለፈዝ፣ ኤ500ኬ ለቮሊዩም።

ሳጥን ውስጥ ሲገባ በድንገት ዝም ካለ የሆነ ነገር ብረቱን ነክቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የፖቱ ጀርባ ከቦርዱ ሥር ጋር ነው። መሃላቸው ቴፕ አድርጉ። ሬዲዮ ጣቢያ የሚይዝ ከሆነ ከመጀመሪያው ትራንዚስተር ኮሌክተር ወደ ቤዙ 100 ፒኮፋራድ ጨምሩ፣ ጆሮ የሚበሳውንም ድምፅ ያለሰልሳል።

ስትጫወቱ ፈዙን ከጊታሩ ቀጥሎ አድርጉት፣ ከበፈር (የጊታሩን ምልክት ተቀብሎ አጠንክሮ ከሚያሳልፍ ሰርኪት) ወይም በፈር ካለው ፔዳል በፊት። የመግቢያ ኢምፒዳንሱ (ለሚገባው ምልክት ያለው ተቃውሞ) ዝቅተኛ ስለሆነ ከፒክአፑ (የጊታሩን ክር ንዝረት ከሚይዘው ማግኔት) ጋር በቀጥታ ነው የሚግባባው፤ የጊታሩን ቮሊዩም ዝቅ ስታደርጉ ድምፁ እየጠራ የሚሄደው በዚያ ምክንያት ነው። በፈር መሃል ከገባ ይህ ይጠፋል፣ ድምፁም ሹል ይሆናል። በባትሪ የምትጠቀሙ ከሆነ የመግቢያው ጃክ ስቴሪዮ ነው፤ ኬብሉ ሲሰካ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከግራውንድ ጋር ያገናኛል። በእግር ቢያጠፉትም ኬብሉ እስካልተነቀለ ድረስ ባትሪው እያለቀ ነው።