ይርገጡ እማዬ፣ አይልቀቁ!

ሚስቴ ከኪራይ ቤት አውጣኝ ስትለኝ ከረመች። እኔም ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ኮምቢ የሚባለውን ሚኒባስ ገዛሁ። የ1978 ሞዴል ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ውስጡ የሚታጠፍ አልጋ አለው፣ ባለ ሁለት ምድጃ ጋዝ አለው፣ እቃ ማጠቢያ አለው፣ መጋረጃ ሳይቀር አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ላንጋኖ እናድርበታለን፣ ሲያሻን ወንዶ ገነት ወርደን ፍል ውሃ እንታጠባለን ብዬ ነበር። ግቢ ሳስገባው አንድ ጊዜ ዞረችውና «ቤት ስልህ ጎማ ያለው ቤት ገዛህልኝ?» አለችኝ። ስሙ በዚያው ጸና። ጎማ ያለው ቤት።

የሆነው ሁሉ የሆነው እዚሁ ሀዋሳ ነው።

አንድ እሁድ አሞራ ገደል አሳ በልተን፣ ዳጣው ገና ምላሴ ላይ እየነደደ፣ ወደ ቤት ስንመለስ ፍሬኑን ረገጥኩት። ወረደ። እግሬም አብሮት ወረደ። ደግሜ ረገጥኩት፣ እርጥብ ስፖንጅ የረገጥኩ መሰለኝ። ፊት ለፊቴ ባጃጅ አለ። ባጃጁ ውስጥ ሁለት ሰውና አንድ በግ አሉ፣ በጉ አንገቱን በጎን አውጥቶ ወደ ኋላ ዞሯል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ ዓይን ለዓይን ተያየን። የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩት። የእጅ ፍሬን በገመድ ነው የሚሠራው፣ ከዘይቱ ጋር ጉዳይ የለውም፣ እሱ ነው ያተረፈን። እሱና መንገድ ዳር የተቆለለ የሰው አሸዋ። የአሸዋው ባለቤት ደህና ናችሁ ወይ ሳይሉ በፊት «ግማሹን እኮ በተንከው!» አሉ። ሚስቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፣ ከስድብ ይከፋል።

በማግስቱ ክሪክ አስገብቼ፣ ድንጋይ አስደግፌ ከስር ገባሁ። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ እንደ ደረቀ ቋንጣ ሆኗል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ቅርፊቱ ተነሳ፣ ከቅርፊቱ ስር ላብ ወጣው። እንደ ደንቡ የፊቱና የኋላው መስመር ለየብቻ ነው፣ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ይይዛል። የኔ የፊቱም ለካ ሲያንጠባጥብ ኖሯል።

ነገሩን ለአንድ የማውቀው መካኒክ ነገርኩት። መካኒኩ ሳቀ። የፍሬን ዘይት ዘይት ይባል እንጂ ዘይት አይደለም አለኝ፣ ከአየሩ ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ በየሁለት ዓመቱ ካልቀየርከው ቱቦውን ከውስጥ ያስዝገዋል፣ ላዩን ብትቀባው ምን ዋጋ አለው። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝና ለፍሪጅ የሚሆን የመዳብ ቱቦ በርካሽ አግኝቼ ነበር፣ እሱን ባስገባስ አልኩት። መካኒኩ ሳቁን አቆመ። «የጎማህ አየር ስንት ነው? ሁለት፣ ሦስት ባር። ፍሬን አጥብቀህ ስትረግጥ እዚያ ቱቦ ውስጥ ከ70 ባር ሊያልፍ ይችላል። ንጹህ መዳብ ደግሞ ንዝረት ሲበዛበት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለባጃጁ በግ እዘንለት።» ለፍሬን ተብሎ የተሠራውን ገዛሁ። እሱ ሥራ በዝቶበት ለሁለት ሳምንት ቀጠረኝ፣ እኔ ግን ዩቲዩብ አለኝ። የቱቦ ጫፍ መክፈቻውን መሳሪያ ተውሼ ወጣሁ። «ዳዶውን እንዳትረሳ» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ። ምኑ ነው የሚረሳው ብዬ አለፍኩ።

አሁን ስሙኝ። የፍሬን ቱቦ ጫፉ እንደ ጥሩምባ ይከፈታል፣ ከጀርባው ዳዶ ይገባና አጥብቆ ያስረዋል። ጫፉ አንዴ ከተከፈተ ዳዶው አያልፍም። ስለዚህ ዳዶው ቀድሞ ነው የሚገባው። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ አሮጌውን ቱቦ እያየሁ አዲሱን በጉልበቴ አጠፍኩ፣ ቆረጥኩ፣ ሞረድኩ፣ አንዱን ጫፍ ከፈትኩ፣ ሌላውንም ከፈትኩ። አይ አቤት ማማሩ! ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። ዳዶዎቹ ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩኛል። ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ አንዱን ዳዶ አስገባሁና ሌላውን ረሳሁ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ የአከራያችን ጣሪያ ላይ ቆሞ፣ ያንን መላጣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቁልቁል ያየኛል። አይሄድም። ሬሳ እየጠበቀ መሰለኝ።

በሦስተኛው ገባ። ቀሪዎቹ አጫጭር ስለሆኑ ቶሎ አለቁ። አሁን የቀረው ቱቦው ውስጥ የገባውን ኤር ማውጣት ነው።

ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከስር ሆኖ ጎማው ጋ ያለችውን የኤር ማውጫ ብሎን ይከፍታል። ሚስቴ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄዳለች፣ በጠዋት ስትወጣ ደግሞ ከሰፈር ማንም አላያትም (ይህችን ያዙልኝ)። ቤት ያሉት አማቴ ናቸው። ልጃቸውን ሊያርሱ ከይርጋለም ቀድመው መጥተዋል። መኪና ነድተው አያውቁም። ቢሆንም «አንተ ብቻ የምረግጠውን አሳየኝ» ብለው ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

የሚያስፈልጉኝን እቃዎች ደግሞ ልንገራችሁ። የሚወጣውን ዘይት ሃይላንድ ውስጥ የሚያወርድ ግልጽ ቱቦ፣ አረፋው እንዲታይ። ከጉሉኮስ ቱቦ የተሻለ የለም። ዘይቱ ቆዳ ስለሚያሳክከኝ ጓንት። የቱቦውን ጫፍ ነክሬ እንዲሰፋልኝ ሙቅ ውሃ። መጥረጊያ ጨርቅ፣ ብዙ። የአከራያችንን ትንሽ ልጅ ፋርማሲ ላክሁት። ልጁ ደግሞ መልእክት እንዳይረሳ እየጮኸ የሚሮጥ ልጅ ነው። መንገዱን ሙሉ «ጉሉኮስና ጓንት! ቶሎ በል ብሎኛል! ጉሉኮስና ጓንት!» እያለ ሮጠ።

አጥራችን ቆርቆሮ ነው። ድምፅ ያሳልፋል፣ ዓይን አያሳልፍም።

ኤር የሚወጣው ዘይቱን ከሚገፋው የፍሬን ፖምፓ በጣም ከራቀው ጎማ ተጀምሮ ነው፣ የኔ መሪው በግራ ስለሆነ ከኋላ ቀኝ። ገባሁ፣ በጀርባዬ ተኛሁ፣ 7 ቁጥር ቁልፌን ያዝኩ።

«ይርገጡ እማዬ!»

«ረገጥኩ!»

ከፈትኩ። ምንም የለም። ደግመን ሞከርን፣ ምንም። ሩብ ሰዓት ሙሉ ረገጡ ለቀቁ፣ ረገጡ ለቀቁ፣ አንዲት ጠብታ የለም። ወጥቼ ባይ ፍሪሲዮኑን ነው ለካ የሚረግጡት።

«መሀለኛውን ነው እኮ እማዬ!»

«ይሄ ይቀርበኛል።»

ተስማማን። ተመልሼ ገባሁ። አሁን እውነተኛው ሥራ ተጀመረ። እሳቸው ረግጠው ይይዛሉ፣ እኔ እከፍታለሁ፣ ዘይቱ አረፋ እየተፋ ይወጣል፣ እዘጋለሁ፣ ከዚያ ብቻ ይለቃሉ። ሳልዘጋ ከለቀቁ የወጣው ኤር ተመልሶ ይገባል፣ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀድመው ለቀቁብኝ፣ አንዴ ስልካቸው ጠርቶ፣ አንዴ ዝንብ ሊያባርሩ። ስለዚህ ጩኸቴ እየጨመረ ሄደ። እስቲ እናንተ ከቆርቆሮው ወዲያ ቆማችሁ ስሙት።

«ይግፉ እማዬ! ይግፉ!»

«ወይኔ እግሬን! ደከመኝ ልጄ!»

«አይዞዎት! ትንሽ ቀረ! አይልቀቁ! እንዳይለቁ!»

«ማርያም ድረሺልኝ!»

«መጣ! መጣ! ፈሰሰ! ሙቅ ውሃውን አምጣ አንተ ልጅ! ጨርቅ! ጨርቅ!»

ልጁ ቤት ገብቶ ያገኘውን ለስላሳ ጨርቅ አመጣልኝ። ለሚወለደው ልጅ የተገዛችውን ነጭ ፎጣ ነበር፣ ዳክዬ የተሳለባትን። ሳላይ ጠረግኩባት። ዘይቱ በክርኔ ወርዶ ብብቴ ውስጥ ገብቷል፣ ማየት ቀርቶ መተንፈስም አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ግልጹ ቱቦ ውስጥ አንድ ትልቅ አረፋ ቀስ እያለ ወረደ፣ ሃይላንዱ ውስጥ ቡልቅ አለ፣ ከኋላው የመጣው ዘይት ጥርት ያለ ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም።

«ወጣ! ወጣ እማዬ! እሰይ!»

ከቆርቆሮው ማዶ እልልታው ቀለጠ።

መጀመሪያ ለኔ ነው ብዬ አስቤ ነበር፣ እውነት ለመናገር ትንሽ ኮራሁ። የግቢው በር በርግዶ ሲከፈት ከስር ሆኜ እግር ብቻ ነው የሚታየኝ። አራት ጥንድ ነጠላ ጫማ። አንደኛዋ የገንፎ ሽታ ይዛ መጥታለች፣ ትኩስ፣ ቅቤና በርበሬው ጢም ያለ። ለካ ጉሉኮሱ ካለፈ ጀምሮ ድስት ጥደው ሲያማስሉ ቆይተዋል። የጎረቤታችን እማማ ድምፅ ተሰማኝ፣

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድ ነው ሴት?»

እኔ የትኛው ጎማ እንደወጣ የጠየቁኝ መሰለኝ።

«የኋላ ቀኝ!» አልኩ ከስር።

ዝም አሉ። ቁልፌን ይዤ፣ በጓንት፣ ፊቴ ጭቃና ዘይት ሆኖ እየተሳብኩ ወጣሁ። አማቴ በዚያው ቅጽበት በባዶ እግራቸው ከሾፌሩ ወንበር ወርደው ወገባቸውን ያዙ። ሴቶቹ አንዴ እኔን፣ አንዴ የስልሳ ሁለት ዓመቷን አማቴን፣ አንዴ ዳክዬዋን ፎጣ አዩ። እኔም አየኋት። አባ ኮዳው እንኳ አንገቱን አስረዘመ።

ማን እንደጀመረ አላውቅም፣ ግን እማማ ሳቃቸው ሲመጣ ገንፎውን ሊደፉት ነበር፣ ኮምቢው የፊት መከላከያ ላይ አስደገፉት። እዚያው ጎን የፍሬን ዘይቱን ቆርቆሮ አስቀምጬ ኖሮ ቀለሙን በልቶት እንደ አሮጊት ጉንጭ ተሸብሽቦ አገኘነው። ይሁን። ተሰብስበን ገንፎውን በላን። ገንፎ ደግሞ አይመለስም። አማቴ «ሦስት ጎማ ይቀረናል» ሲሉ አንደኛዋ ሴትዮ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ረገጠች፣ ከሳቸው ይልቅ እሷ ትችልበታለች። የኋላ ግራ፣ ከዚያ የፊት ቀኝ፣ ከዚያ የፊት ግራ። በየጎማው እልል ይሉልኛል። ሚስቴ በባጃጅ ደርሳ በሩ ላይ ቆመች፣ ሆዷን ይዛ። ገንፎ፣ ጉሉኮስ፣ እልልታ፣ እናቷ ባዶ እግራቸውን። ምንም አልጠየቀችም። ፎጣዋን ከመሬት አንስታ ወደ ቤት ገባች።

ፍሬኑ ግን ድንጋይ ሆነ። መካኒኩ መጥቶ እያንዳንዱን ዳዶ በ11 ቁልፍ ነካ ነካ አድርጎ፣ ፔዳሉን አጥብቆ ይዞ ቆይቶ፣ ምንም ሳይል ራሱን ነቀነቀ። ከሱ ይሄ ሽልማት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሚስቴ እጄን ጨብጣ ቀሰቀሰችኝ። እውነተኛው ቀን ደረሰ። አማቴ ልብስ ይሰበስባሉ፣ እኔ በአንድ እግር ጫማ እየሮጥኩ የእማማን በር ደበደብኩ።

«እማማ! እማማ ይድረሱልን! ምጥ መጣ!»

ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ የእንቅልፍ ድምፅ፣

«ዛሬ ደግሞ የትኛው ጎማ ነው ልጄ?»