ሆድ ባር ባር ሲል፦ የጃፓን ድራማ ለእህቴ በአማርኛ እንዴት እንደተረጎምኩላት

እህቴ አዲስ አበባ ናት፣ እኔ ቶኪዮ። እሷ ልብ ወለድ ትጽፋለች። ያን ሰሞን ግን ብዕሯ ደርቆባት ነበር። የጀመረችውን ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች፤ ስለሱ ሲነሳባት ወሬ ትቀይራለች። አንድ ቀን በስልክ፣ «መጻፍ ስላቃተው ሰው የሚያወራ ነገር ካለሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ወዲያው ትዝ ያለኝ ‹ኢንዲጎ ኖ ኪቡን› ነው።

ድራማው የሌላ ድራማ ቀዳሚ ታሪክ ነው። ያ ሌላው ድራማ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን ኪጂማ የሚባል ደራሲ አለበት። ኩዙሚ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በብስክሌት ይገጨውና ቀኝ እጁ ይሰበራል። ተማሪው ካሳ የሚከፍልበት ገንዘብ ስለሌለው ደራሲው የሚለውን እየሰማ ሊጽፍለት ይስማማል። የሚጻፈው ደግሞ የወሲብ ልብ ወለድ ነው። በ2019 የመጣው ‹ኢንዲጎ ኖ ኪቡን› ወደ ኋላ ይመልሰናል። ኩዙሚ ገና የለም። ኪጂማ በጽሑፉ ትልቅ ደራሲ መሆን የሚመኝ ወጣት ነው፤ ግን አልጻፍ ብሎታል። የድሮ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ኪዶ የወሲብ ልብ ወለድ አርታኢ ነው። «እስቲ ለእኛ ጻፍ» ይለዋል። ፍቅሩም፣ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል። ሁለቱም የማሩኪዶ ማኪን ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚነገር የጃፓን ታሪክ፣ ተከትለው የተሠሩ ናቸው።

የመጀመሪያ ስህተቴ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ታሪኩ ከሥሩ ቢጀመር ይሻላል ብዬ ቀዳሚውን አስቀደምኩባት። ሁለት ክፍል አይታ ደወለች። «ጥሩ ነው፣ ግን አልያዘኝም» አለችኝ። ከፋኝ። እኔን ያንገበገበኝ ነገር እሷን ለምን እንዳልነካት ለመረዳት ሁለት ቀን ወሰደብኝ። ኪዶና ኪጂማ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ የማየው እንደማይዘልቁ የማውቃቸውን ሰዎች ነው። እያንዳንዷ ሳቃቸው ሆዴን ታባባዋለች። እሷ የምታየው ግን ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ብቻ ነው። መጨረሻውን ቀድማ ካላወቀች መጀመሪያው አይከብዳትም። አቋርጠን ወደ 2018ቱ ተመለስን።

እሱን በእንግሊዝኛ ሰብታይትል ጨረሰችው። ቀዳሚውን ስንጀምር ግን አንድ ነገር ተናገረች። «እንግሊዝኛው ሁሉንም ሰው ‹ዩ› አድርጎታል። ማን ማንን እንደሚያከብር፣ ማን ለማን ቅርብ እንደሆነ ጠፋብኝ።» ልክ ነበረች። ጃፓንኛ ውስጥ ይሄ ሁሉ አለ። አማርኛ ውስጥም አለ። መሃል ላይ ያለው እንግሊዝኛ ነው የዋጠው። በዚያው ምሽት በአማርኛ እተረጉምልሻለሁ አልኳት።

ሠፈሬ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጄንኮ ዮሺ የሚባለውን የረቂቅ ወረቀት ገዛሁ። አንዱ ገጽ 20 በ20፣ ማለትም 400 ሳጥን ነው። ጃፓን ውስጥ የጽሑፍ ርዝመት እስከዛሬ በዚህ ወረቀት ብዛት ይቆጠራል፤ የደራሲም ክፍያ ብዙ ጊዜ በገጽ ነው። እነሱ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፉበታል። እኔ ወረቀቱን አዙሬ በአግድም ጻፍኩበት። አንድ ፊደል፣ አንድ ሳጥን። ለአራት ነጥብም የራሷ ሳጥን። ፊደላችን ለዚህ ወረቀት የተፈጠረ ይመስላል! ‹አ›፣ ‹ል›፣ ‹ጻ›፣ ‹ፍ›፣ ‹ም› እያሉ ተራ በተራ ሲቀመጡ ሳይ እጄ ራሱ ደስ አለው።

ሳጥኑ ለሥራውም ጠቀመኝ። የጃፓን ሰብታይትል ተርጓሚዎች በሰከንድ 4 ፊደል የሚል ልማድ አላቸው። ተዋናዩ ሦስት ሰከንድ ከተናገረ አሥራ ሁለት ፊደል ብቻ ነው ያለሽ ማለት ነው። በአማርኛ ሞከርኩት። መጀመሪያ አካባቢ በሁለት እጥፍ እያለፍኩ ነበር፤ ያበዛሁት እኔው ራሴ ነኝ። «እኔ ከአሁን በኋላ መጻፍ የምችል አይመስለኝም» ብዬ ሳጥን ስቆጥር ቆይቼ «አልጽፍም በቃ» ላይ ደረስኩ። ግሳችን ውስጥ አድራጊውም ተደራጊውም ስላለ ‹እኔ› እና ‹አንተ› የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ናቸው።

ሰላምታው የፈራሁትን ያህል አላስቸገረኝም። ‹ጋንባሬ› ሲሉ «በርታ» ነው፤ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። አንዱ ሥራ ለሌላው ሲሰጥ የሚላትን ‹ዮሮሺኩ› ብዙ ቦታ «አደራ» አልኳት። እንግሊዝኛው እዚያ ጋ ሁልጊዜ ሲንተባተብ አይቻለሁ። እኛ አንዲት ቃል አለችን።

አስተማሪንም ደራሲንም በአክብሮት የሚጠሩበት ‹ሴንሴይ› ግን አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በቀዳሚው ታሪክ ውስጥ ጋሞዳ የሚባል ሽማግሌ አለ። የታወቀ የወሲብ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው፤ በሽተኛ ነው። ኪጂማ እሱ ዘንድ ሄዶ ሙያውን ይማራል። «ሴንሴይ» እያለ ይጠራዋል። «መምህር» ብል የክፍል አስተማሪ መሰለ። «ደራሲ» ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ከዚያ ‹የኔታ› መጣልኝ። እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ የሚማር ደቀ መዝሙር፣ ቁጡና ተናጋሪ ሽማግሌ። በጣም የሚገጥም መሰለኝና ሁለት ክፍል ሙሉ «የኔታ» እያልኩ ጻፍኩ። እህቴ ስታነበው ዝም አለች። ከዚያ፣ «የኔታ የቅኔና የዳዊት ቃል ነው። እዚህ ስታመጪው ሰውየውን ትቼ ቤተ ክርስቲያኑን አየሁ» አለችኝ። ሰረዝኩት። «ጋሼ» አልነው። ኪጂማ «እርስዎ» እያለ ሲያናግረው፣ ሽማግሌው «አንተ ልጅ» እያለ ሲመልስለት ቤቱ ሞቀ። ትርጉሙ ትክክል የሆነ ቃል ሌላ ዓለም ይዞ ከመጣ ታሪኩን ያፈርሰዋል። ይህን ያወቅኩት ከእሷ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ የፍቅሩ ንግግር ነው። ጃፓንኛ ‹ሱኪ› ብሎ መውደድን መናገር ይችላል። ማን እንደሚወድ፣ ማንን እንደሚወድ አይነገርም። ሰሚው ይሞላዋል። ተናጋሪውም ከፈለገ ‹ሌላ ነገር ማለቴ ነው› ብሎ ማምለጫ አለው። አማርኛ ማምለጫ የለውም። ‹እወድ› ካልኩ በኋላ ‹ሃለሁ› መምጣቱ ግድ ነው፤ ‹ህ› አለች፣ ወንድ ለወንድ የተናገረው መሆኑ እዚያው ላይ ይወጣል። በጃፓንኛ ተሸፍኖ የቆየው ነገር በእኛ ቋንቋ በአንዲት ፊደል ይገለጣል። ደነገጥኩ። ለማለሳለስ ብዬ ‹ደስ ይለኛል›፣ ‹ፍቅር ነው መሰለኝ› እያልኩ ዞርኩ። ወረቀቱ ሁሉ ስርዝ ድልዝ ሆነ። በመጨረሻ ሁለት ነገር አደረግኩ። የሚሸሹበት ቦታ ላይ «ይወደዳል እኮ» የመሰለ ባለቤት አልባ አነጋገር ሰጠኋቸው። መሸሽ ያቆሙበት ቦታ ላይ ደግሞ ‹ህ›ዋን አስቀመጥኳት፣ ሳልሸፍናት። እነዚህ ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ። ድራማው አላፈረባቸውም፣ እኔም ላፍርባቸው አልፈለግኩም።

እህቴ ያልገባት ሌላ ነገር ነበር። «የወሲብ መጽሐፍ መጻፍ ይህን ያህል ለምን ሰበረው? እንጀራ ነው እኮ» አለች። እንግዲህ ጃፓን ሥነ ጽሑፍን ለሁለት እንደምትከፍል ነገርኳት። ‹ጁንቡንጋኩ›፣ ማለትም ጥበቡን ብቻ ብሎ የሚጻፈው አንድ ወገን ነው። ለብዙ አንባቢ የሚጻፈው ሌላ ወገን። በ1935 የተቋቋሙት ሁለቱ ታላላቅ ሽልማቶችም በዚሁ መስመር ተለያይተዋል፤ አኩታጋዋ ለአንደኛው፣ ናኦኪ ለሌላው። ደራሲው ዳዛይ ኦሳሙ የአኩታጋዋን ሽልማት ፈልጎ፣ ከዳኞቹ አንዱ ለነበረው ለሳቶ ሃሩኦ የልመና ደብዳቤ ጽፏል። አላገኘውም። ኪጂማም እዚያ መስመር ላይ ቆሞ ነው የተሰበረው።

ትርጉሙ አላላውስ ያለኝ እሁድ ዕለት ሚታካ ወደሚባል የቶኪዮ አካባቢ ሄድኩ። የዳዛይ መቃብር እዚያ ዜንሪንጂ በሚባል ቤተ መቅደስ ግቢ ነው፤ ከሌላው ደራሲ ከሞሪ ኦጋይ መቃብር ፊት ለፊት፣ በሰያፍ። የዳዛይ ስም ድንጋዩ ላይ በጥልቀት ተቀርጿል። አስከሬኑ ከታማጋዋ ቦይ በወጣበት ቀን፣ በፈረንጆቹ ጁን 19፣ አንባቢዎቹ በየዓመቱ ይመጣሉ። ‹ቼሪ› የሚል አጭር ልብ ወለድ ስላለው ፍሬውን የስሙ ፊደሎች ውስጥ ይሰኩለታል። እኔ የሄድኩት በሌላ ቀን ነው፣ ሰው አልነበረም። ድንጋዩን እያየሁ ስለ እህቴ «አልያዘኝም» አሰብኩ። እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ የዳዛይን ፍጻሜ ያውቃል፣ በ1948 እንዴት እንደሞተ ያውቃል። አውቆም ከመጀመሪያው ገጽ ያነበዋል። ቤት ገብቼ የቀረኝን ሥራ ስቀጥል ‹ምን ይሆን› የሚያሰኙ ቃላት ሁሉ አወጣሁ። ለማንጠልጠል ብዬ የጨመርኳቸው ነበሩ። አያስፈልጉም።

ርዕሱን መጨረሻ ላይ ነው የተረጎምኩት። ‹ኢንዲጎ› ጥቁር ሰማያዊ ቀለም፣ ‹ኪቡን› የውስጥ ስሜት ነው። ‹ሰማያዊ ስሜት› ብል ምንም አይልም። ‹ድባቴ› የሐኪም ቃል ሆነብኝ። እህቴ ናት ያገኘችው፦ «ሆድ ባር ባር ሲል።»

የመጨረሻውን ክፍል ቅዳሜ አብረን አየነው። እኔ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ እሷ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስልኩ ክፍት ነው፣ ወረቀቶቼን በፎቶ ልኬላታለሁ። ሲያልቅ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ፣ «የመጀመሪያውን ድራማ ክፈቺ» አለችኝ። «ኪዶ ለሥራ ብሎ ኪጂማ ቤት የሚመጣበትን።» ያኔ በእንግሊዝኛ ስታየው አርታኢና ደራሲ ስለ ሥራ የሚነጋገሩ መስሏት አልፋው ነበር። እሱን አልተረጎምኩትም ነበር። አዲስ ወረቀት አወጣሁ። የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ‹አ›፣ ቀጥሎ ‹ን›፣ ቀጥሎ ‹ተ› ጻፍኩ። እየጻፍኩ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩላት።

«አንተ ነው የሚለው?» አለችኝ። «እስካሁንም?»

«እስካሁንም።»

መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ።