ለ12 ካሬ ሜትር ጓሮዬ ምስጋና

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከልጆቼ ጋር ቤት ስውል፣ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን፣ የተሰበረ ወንበርና ከግንባታ የተረፈ ድንጋይ የሚጣልባትን 12 ካሬ ሜትር የምትሆን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ አየኋት። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህች ታህል መሬት ላይ ቤተሰብ የሚመገበው ነገር ይበቅላል የሚል ግምት አልነበረኝም፤ መቆፈር የጀመርነው ልጆቹ ሥራ እንዳይፈቱ ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያ ነው፣ ተመስገን የምለውም እዚያው ቆሜ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ግን በጣም አሳዝኖኛል። የሰፈራችን አፈር ጥቁር ዋልካ ስለሆነ በበጋ ጣት እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ያቁራል። ይህን ሳላጤን ሰኔ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ለጥ ያለው መሬት ላይ ተከልሁ። ሐምሌ ሲጋመስ የቃሪያው ሥር በስብሶ ግንዱ በእጄ ተነቅሎ መጣ፤ የቲማቲሙም ቅጠል ጠቋቁሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ጠወለገ። በአጥር በኩል ያዩኝ ጎረቤታችን እናት፣ «ልጄ፣ ዋልካ ላይ መደቡን ከፍ ሳታደርጊ በክረምት አትትከዪ፤ ቲማቲምሽንም ዝናቡ ይለፍለት» አሉኝ። ያን ቀን የነገሩኝ ነገር እስካሁን ያገለግለኛል።

በሁለተኛው ዓመት መደቦቹን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ በዙሪያቸው ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርሁ። ፍግ እንዳለ መጨመር ችግኙን እንደሚያቃጥል ስለተረዳሁ፣ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላና ደረቅ ቅጠል ከፍጉ ጋር እያፈራረቅሁ በጉድጓድ ውስጥ ከምሬ፣ በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጥሁ ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ነው ከአፈሩ ጋር የቀላቀልሁት። ሲብላላ የነበረው ነገር ጥቁርና ፍርፍር ሆኖ፣ ዝናብ የመታው ጫካ የሚሸት ሽታ ሲሰጠኝ የተሰማኝን ደስታ ላልሞከረው ሰው መግለጽ ይከብደኛል። የቲማቲሙን ችግኝ ነሐሴ መጨረሻ አፍልቼ መስከረም ማብቂያ ላይ አዛወርሁት፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በክረምት ከጣሪያ በበርሜል ያጠራቀምሁትንና አትክልት ያጠብሁበትን ውሃ እያጠጣሁ ታኅሣሥና ጥር ላይ ለቀምሁ።

ከሁሉ የበለጠ የካሰኝ የሐበሻ ጎመን ነው። እንብርቱን ሳይነኩ የታችኛውን ቅጠል ብቻ እየሸለቀቁ ከተጠቀሙበት ወራት ይሰጣል፤ 20 የማይሞላ እግር ለአምስታችን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃናል። ጤና አዳም ደግሞ ውሃ ሲበዛበት ይሞታል፤ ሁለት እግር ካጠፋሁ በኋላ በአጥሩ ጥግ ደረቅ ቦታ ሰጠሁት። ቡና ሲፈላ ወጣ ብዬ ጫፉን ስቀጥፍ ጤዛው ጣቴን ያርሰዋል፣ ሽታውም ከእጄ ሳይለቅ እስከ ምሳ ይቆያል። ይህን የመሰለ ነገር በደጄ እያለ ለስንት ዓመት ከገበያ የደረቀ እገዛ ነበር!

በፍልሰታ ጾም የመጀመሪያውን ደህና ጎመን በሳህን ሞልቼ ለጎረቤታችን እናት ላክሁላቸው። እርሳቸውም ሳህኑን ባዶውን አልመለሱትም፤ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የኮሰረት ቁራጭ አስቀምጠውበት ነበር። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተከልሁት፣ አሁን ቁመቱ ከመስኮቱ ደፍ አልፏል። ቅቤ በማነጥርበት ቀን ሁለት እቅፍ ያህል እቆርጣለሁ፤ አንዱ ወደ እርሳቸው ቤት ይሄዳል።