ጉንዳን የገባበት ቤት ከመረጨቱ በፊት

ቤት ውስጥ የጉንዳን መስመር ሲታይ ጎረቤቱም፣ የሕንፃ አስተዳደሩም፣ የሚታደለው የምክር ወረቀትም የሚሉት አንድ ነው፤ መድኃኒት ይረጭ። ይህ ምክር ለአንዳንድ የጉንዳን ዓይነቶች ችግሩን የሚያባዛ መሆኑን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በጥቂት ሳምንታት ሊያልቅ የሚችለው ሥራ ወራት ባልፈጀብኝ ነበር።

ከሁሉ በፊት ያየሁት ነገር ጉንዳን እንጂ ምስጥ አለመሆኑን አረጋገጥሁ። የጉንዳን ወገብ ቀጭን፣ አንቴናውም መካከሉ ላይ የታጠፈ ነው፤ የምስጥ ወገብ ወፍራም፣ አንቴናውም ቀጥ ያለ ነው። ክንፍ ያወጡ ከሆነ የጉንዳን የፊት ክንፎች ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፣ የምስጥ አራቱ ክንፎች ግን እኩል ናቸው። ከእንጨት ሥር ደቃቅ ሰጋቱራ ተጠራቅሞ ከተገኘ ደግሞ እንጨት እየቦረቦሩ ጎጆ የሚሠሩ ጉንዳኖች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነዚህ እንጨቱን ባይበሉትም እርጥበት የገባበትን ስለሚመርጡ የሚያፈስ ቧንቧ ወይም ጣሪያ መፈለግ ይገባል።

የእኔ ቤት ጉንዳኖች ቁመታቸው 2 ሚሊሜትር ገደማ፣ መልካቸው ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ የሆዳቸው ጫፍ ጠቆር ያለ ነበር። የፈርዖን ጉንዳን የሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሞኖሞሪየም ፋራኦኒስ፣ ይህ ነው። ማታ በባትሪ መስመራቸውን ተከትዬ ከሙቅ ውኃ ቧንቧው አጠገብ፣ ከግድግዳው ግርጌ ካለ ስንጥቅ እንደሚወጡ ደረስሁበት። በመስመሩ ዳር መርዝ የተቀላቀለበት ጣፋጭ ማባበያ በትንንሽ ክዳኖች አኖርሁላቸው፤ መጠጣትም ጀምረው ነበር።

አስተዳደሩ የላከው ረጪ የመጣው በዚህ መካከል ነው። የጉንዳኑን ዓይነት አይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ጉንዳን ያው ጉንዳን ነው፤ ይህ ሁሉንም ይገድላል» አሉኝ። ወለሉ ላይ ያሉት ክዳኖች ማባበያ መሆናቸውን፣ ጉንዳኖቹም እየጠጡ መሆናቸውን ነገርኋቸው። አንዱን ክዳን በእግራቸው ገፋ አድርገው በግድግዳው ግርጌ ሁሉ፣ በመስመሩም፣ በክዳኖቹም ላይ ረጩ። ስንጥቁን ጎንበስ ብለው አላዩትም። የረጩት ፓይሬትሮይድ ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ እነዚህ መድኃኒቶች የነኩትን ይገድላሉ፣ የተረፈውን ደግሞ ያባርራሉ።

ለጥቂት ቀናት ወለሉ ባዶ ሆነ፤ አስተዳደሩም ሥራው ተጠናቀቀ ብሎ መዘገበ። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ከመታጠቢያ ቤቱ፣ ሌላው ከመኝታ ክፍሉ ሶኬት፣ ሦስተኛው ፈጽሞ ጉንዳን ታይቶበት ከማያውቀው ቁም ሣጥን ወጣ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ምግብ ፍለጋ የሚወጡት ሠራተኞች ከመንጋው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ስለሆኑ እነሱን መግደል ጎጆውን አይነካውም፤ በዚያ ላይ የፈርዖን ጉንዳን በአንድ መንጋ ውስጥ ብዙ ንግሥቶች ስላሉት፣ ሲታወክ ሠራተኞቹ እጮቻቸውን ተሸክመው ይከፋፈሉና በየአቅጣጫው አዲስ ጎጆ ይመሠርታሉ። አንድ የነበረው መንጋ ብዙ ይሆናል። ይህን ለአስተዳደሩ ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ «መመሪያው ይኸው ነው» የሚል ሲሆን፣ መፍትሔ ተብሎ የቀረበልኝም ሁለተኛ ርጭት ነበር። እምቢ አልሁ፤ ተባባሪ እንዳልሆንሁም ተጻፈብኝ። ጉንዳኑን ቀርቦ ያላየ ሰው በወረቀት ላይ ሥራ ጨርሶ ሲሄድ፣ ከጉንዳኑ ጋር የሚያድረው ግን ሌላ ሰው ሲሆን፣ አሁንም ያናድደኛል።

የርጭቱ ሽታ ባለበት ቦታ ጉንዳን ወደ ማባበያ ስለማይቀርብ የተረጨውን ሁሉ በሳሙና ውኃ ደጋግሜ አጠብሁ። ከዚያም በ100 ሚሊሊትር ለብ ያለ ውኃ 25 ግራም ስኳርና 1 ግራም ቦሪክ አሲድ አሟሟሁ። መርዙን ማብዛት ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ከበዛ ጉንዳኑ ይሸሸዋል ወይም ጎጆው ሳይደርስ ይሞታል። የሚፈለገው ጠጥቶ፣ ጎጆው ገብቶ፣ ለሌሎቹ አካፍሎ እንዲሞት ነው። አዋቂ ጉንዳን ጠጣር ምግብ መዋጥ ስለማይችል ፈሳሹን በሆዱ ይዞ ከአፍ ወደ አፍ ለጓደኞቹ፣ ለእጮቹና ለንግሥቶቹ ያቀብላል። በማጉያ መነጽር ስመለከታቸው በጠብታዋ ዙሪያ ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ተደርድረው ነበር፤ ሆዳቸው ቀስ በቀስ ተነፍቶ ብርሃን ያሳልፍ ጀመር፣ የጠገበው ወደ ስንጥቁ ሲመለስ ቦታውን ሌላው ይይዘዋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጥራቸው ይጨምራል፤ ማባበያው ሠራ ማለት ነውና አንዱንም መግደል አይገባም። ስኳሩን ከናቁት ፕሮቲን ወይም ቅባት ያለበትን መሞከር ያስፈልጋል፤ የመንጋው ፍላጎት ይለዋወጣልና። ቦሪክ አሲድ ከተዋጠ ሰውንም እንስሳንም ስለሚጎዳ ማባበያውን ያኖርሁት ጉንዳን ብቻ በሚያስገባ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ነው። በግድግዳ የሚዋሰኑኝ ጎረቤቶችም በአንድ ጊዜ እንዲያኖሩ ለመንኋቸው፤ ይህ ጉንዳን በግድግዳ ውስጥ ስለሚዘዋወር አንድን ክፍል ብቻ ማከም ከንቱ ልፋት ነው።

የምክር ወረቀቱ ስንጥቅን መጀመሪያ ድፈኑ፣ መስመሩንም ወዲያው አጥፉ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጉንዳኖቹ እየጠጡ ሳለ መስመሩ ከጠፋ ወደ ማባበያው የሚመራቸው ሽታ አብሮ ይጠፋል፤ ስንጥቁ ከተደፈነም በሌላ በኩል ይወጣሉ። ሲሊኮን የሞላሁትና መስመሩን በሳሙና ያጠብሁት ለሳምንታት አንድም ጉንዳን ካልታየ በኋላ ነው። ያን ጊዜም የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አሠራሁ፣ ግድግዳውን የሚነኩትን ቅርንጫፎች ቆረጥሁ። ቅርንጫፎቹ ለውጭዎቹ ጉንዳኖች መሻገሪያ ናቸው፤ ክሽክሽ የሚባለው የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ካለባቸውም ከክሽክሹ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ጉንዳን ይጠራል።

አስተዳደሩ ዛሬም ረጪ ይልካል። ስለዚህ በር ከመክፈቴ በፊት የጉንዳኑ ዓይነት ምን እንደሆነ፣ ጎጆው የት እንዳለ፣ የሚረጨው መድኃኒት የሚያባርር መሆን አለመሆኑን እጠይቃለሁ፤ ሦስቱንም የማይመልስ ረጪ ቤቴ አይገባም።