በነሐሴ ዝናብ፣ ከሳነቴ ጉድጓድ አጠገብ

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሊመዘገብ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለወጣቶች በተዘጋጀ የአእዋፍ ምልከታ ካምፕ ለመሳተፍ ከአዲስ አበባ ወደ ዲንሾ ተጓዝኩ። እናቴ «በክረምት ባሌ? ያውም ለወፍ ብለህ?» እያለች ጋቢ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ፤ ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ የጠቀመኝም እሱ ነበር።

ወቅቱ በእርግጥ አይመከርም። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት አእዋፍ ገና አልደረሱም፣ ጉሙ እስከ ረፋድ አይገፈፍም፣ የባይኖኩላሩ መስታወትም በእርጥበት ይጋረዳል። (ለአራት ሰው አንድ ባይኖኩላር ብቻ እንደሚደርስ አዘጋጆቹ አስቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ቢያንስ እንበደር ነበር።) የአገሩ ወፎች ግን ዝናቡን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ገና ሳይነጋ ከኮሶና ከጽድ ዛፎቹ በኩል የጋጋኖ ጩኸት ቀሰቀሰን። ጋይሳይ ሜዳ ላይ ደግሞ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አየን፤ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ በማስተኛት፣ ሐሳብ እንደያዘው ሽማግሌ እርጥቡን ሣር ያቋርጣል።

በሦስተኛው ቀን ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ሳነቴ አምባ ወጣን። ከቡድኖቹ ብዙ ዝርያ የመዘገበው እንዲሸለም ተወስኖ ስለነበር ሁሉም ይሯሯጣል፤ በእኔ ግምት ካምፑን ያበላሸው ይህ ውድድር ነው። እኔም አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ድንጋይ ላይ አይቼ፣ ስሟን ጽፌ ልሄድ ስል አብሮን የነበረው አንጋፋ የፓርኩ ስካውት በክንዴ ያዘኝና «ልጄ፣ ወፏን ለጊዜው ተዋት፤ ጉድጓዱን ተመልከት» አለኝ።

ተቀመጥን። ከቆይታ በኋላ ከጉድጓዱ የአንድ ግዙፍ ፍልፈል ራስ ብቅ አለ፤ ይህ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም የማይገኝ ሲሆን፣ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብም ነው። በጥርሱ ሣር እየነጨ፣ አፈር እየገፋ ወደ ውስጥ ሲመለስ፣ ወፏ ከድንጋዩ ወርዳ አዲስ በተገለበጠው አፈር ላይ ትለቅማለች፤ ሲወጣ ከአፍንጫው አንድ ክንድ እንኳ ሳትርቅ ትቆማለች። በዚህ ሁኔታ አራት ጊዜ ያህል ተመላለሱ። ከዚያ ወፏ ድንገት ጮኻ ተነሳች፤ ፍልፈሉም በቅጽበት ጠፋ። ቀና ስንል ከበላያችን ጭልፊት መሰል ትልቅ አዳኝ ወፍ እያንዣበበ ነበር። ስካውቱ ምንም ሳይል ፈገግ አለ።

ማታ ሲቆጠር የእኛ ቡድን 11 ዝርያ ብቻ ይዞ መጨረሻ ወጣ። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ለዚያች ወፍ የተሰጣት አንድ መስመር ብቻ ስለነበር፣ ስሟን ጽፌ ከጀርባው ጉድጓዱን ሣልኩት።